ሴንትራል ሎኩ እምቢ አለ? ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ

ቦንጋ ላይ አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የሚነዳ ሰው ይህቺን ያውቃታል። ሪሞቱን ይጫናል፣ ሦስቱ በር ቀጭ ይላል፣ አንዱ ዝም። ጋራዥ ሲሄድ ደግሞ "ሞተሩ ሞቷል፣ ቀይረው" ይባላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቆዩ።

መጀመሪያ፣ ስንት በር ነው እምቢ ያለው?

አራቱም ከሆኑና ከሾፌሩ በር ማብሪያ ሲጫኑት ከሰራ፣ የሪሞቱን ባትሪ ቀይሩ። በማብሪያውም ካልሰራ ፊውዙን እዩ፤ የተቃጠለውን በእኩል አምፔር ብቻ ተኩ። አንዳንዱ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥምበታል። ኧረ በፈጣሪ! ፊውዙ እኮ የሚቃጠለው ገመዱ (አንዳንዴም መኪናው) እንዳይቃጠል ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ለኤሌክትሪሺያን ስጡት።

አንድ በር ብቻ ከሆነ ግን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። በበሩና በመኪናው አካል መካከል የጎማ ቱቦ አለ፤ ገመዶቹ በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፉ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳሉ። ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱና በሩን ከፍታችሁ ጎማውን እያንቀሳቀሳችሁ ሎኩን ሞክሩ። አንዴ እየሰራ አንዴ ከተወ፣ ወይም የዚያው በር መስኮትም አብሮ ካስቸገረ፣ ገመድ ነው። በብየዳ ይቀጠላል፣ ሞተር መግዛት አያስፈልግም።

የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ በሩ ካልተቆለፈስ? ዘንጉ ወልቆ ወይም በቆሻሻ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ደህና ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ያኔ ሞተሩን ጠርጥሩ።

የእኛ አገር ዝናብም እዚህ ውስጥ እጁ አለበት። ውሃ በመስኮቱ ጠርዝ በር ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ከበሩ ስር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። የከፋ ጭቃ ቀዳዳዎቹን ሲደፍናቸው ግን ውሃው ውስጥ ይቀርና ዝገት ያመጣል። በስንጥር ጥረጓቸው።

እስኪጠገን ልጅ የምትጭኑ ከሆነ፣ የኋላ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ያለችውን የልጅ መቆለፊያ አዙሩ። በኤሌክትሪክ ስለማትሰራ ሞተሩ ቢበላሽም በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ከውጭ ግን ይከፈታል፤ ገበያ አቁማችሁ ስትወርዱ ስልካችሁን ወንበር ላይ አትተዉ።