ለአንድ ቀን ፎቶ የአምስት ሰው ልብስ

በዓል በተቃረበ ቁጥር ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ ሁለት ዓይነት ገዢ ያስተናግዳል። አንደኛው ለራሱ ነጠላ ወይም ቀሚስ የሚገዛው የዱሮ ደንበኛ ነው። ሁለተኛው ልጆቹን አስከትሎ፣ የፎቶ ቤት ቀጠሮ ይዞ የሚመጣው ቤተሰብ ነው። ይህኛው የሚጠይቀው የአባት ሸሚዝ፣ የእናት ቀሚስና የልጆች ልብስ በአንድ ዓይነት ጥበብ እንዲሠራለት ነው። ለነጋዴው ጥሩ ሽያጭ ነው። ለቤተሰቡ ግን ብዙ ገንዘብ በአንድ ቀን ላይ የሚውልበት ግዢ በመሆኑ ስህተቱ ያስከፍላል።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከቅደም ተከተሉ ይጀምራል። ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ፎቶ ቤት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። ነጭ ለብሰው ነጭ መጋረጃ ፊት ሲቆሙ የቀሚሱ ጠርዝ ከጀርባው ጋር ይቀላቀልና ጎልቶ የሚታየው ፊትና ጥበብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የመጋረጃው ቀለም ነው። ፎቶው ደጅ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ ጥበብ በዛፍና በሣር መካከል ይጠፋል፤ ቀይና ወርቃማው ግን ይወጣል።

ከዚያ የእናት ቀሚስ ይመረጣል። ሰፊውን ጥበብ የሚይዘው እሱ ስለሆነ የሌሎቹ ቀለም ከእሱ ይቀዳል። አምስቱም ሰፊ ጥበብ ከለበሱ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ለአባት በአንገትጌው ዙሪያ ቀጭን መስመር፣ ለልጆች በጠርዙ ላይ ጥቂት ይበቃል፤ ወጪውም በዚያው ይቀንሳል። አባት ሱፍ ካልለበስኩ ብሎ ከጸና (መጽናቱም የተለመደ ነው) ጥቁር ሰማያዊው ከነጭ ጋር ይስማማል፤ ክራባቱን ከጥበቡ ቀለሞች በአንዱ ማድረግ ነው።

የጨርቁ ጉዳይ የኪስ ጉዳይ ነው። በእጅ የተሸመነ መነን ውድ ነው፤ የጥበብ መልክ የታተመበት ሽፎን ርካሽ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የፎቶ ቤት መብራት ሲያርፍባቸው ግን ሰው ሠራሹ ጨርቅ ያብረቀርቃል፤ ጥጡ ብርሃኑን ዋጥ ያደርገዋል። ወርቀዘቦ የበዛበት ጥበብም እንዲሁ ያንጸባርቃል። ይሁንና በዓመቱ ለማይበቃው ሕፃን ውድ መነን ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። ለእናት መነን፣ ለታናናሾቹ ርካሹን ያደረገ ቤተሰብ ሒሳቡን ያወቀ ነው። ርካሹ ጨርቅ ማብረቅረቁ የማይቀር ስለሆነ ልጆቹን ከመብራቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ማቆም ለባለሙያው ይተዋል።

ቀብድና ክር

ገዢንና ነጋዴን በብዛት የሚያጨቃጭቀው የክሩ ቀለም ነው። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር አንድ ስም ቢኖረውም ቀለሙ ጥቂት ይለያያል። የእናት ቀሚስ በመስከረም፣ የልጆቹ በኅዳር ቢታዘዝ ሱቅ ውስጥ ያልታየው ልዩነት ጎን ለጎን ሲቆሙ በፎቶው ላይ ይወጣል። መፍትሔው ለሁሉም የሚበቃውን ክር ከአንድ ጥቅል በአንድ ጊዜ መግዛት ነው። ስለዚህ ቀብድ ሲከፈል ክሩ በእጅ መኖሩን ማየት ይበጃል። ከአሜሪካ በስልክ ለሚያዝዙ ወገኖች ችግሩ ይብሳል። የስልክ መስታወት የሚያሳየው ቀይ የክሩ ቀይ አይደለምና ቁራጭ ናሙና አስልኮ ማየት ከክርክር ያድናል።

ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ አካባቢ የመጡት ሸማኔዎች በበዓል ሰሞን ትዕዛዝ ይደራረብባቸዋል፤ ጥበቡ ሲበዛ ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ወረፋ አለ። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚያጥርም ሳይታጠብ በልክ የተሰፋ ቀሚስ በሚቀጥለው በዓል ላይወርድ ይችላል። የማስረከቢያው ቀን በደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ የፎቶ ቤቱ ቀጠሮ ሲያልፍ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ቀኑን የሚጽፍና የተረፈውን ክር ለደንበኛው የሚያስቀምጥ ነጋዴ ለቀጣዩ ልጅ ክርስትናም ይፈለጋል።

ቀሚስ መከራየትም አማራጭ ነው፤ ለሠርግ የሚያከራዩ ቤቶች ለፎቶም ያከራያሉ። ነገር ግን ነጭ ልብስ ቀጭን ጥበብ ካለው ለቤተ ክርስቲያንም ለሰው ሠርግም ስለሚያገለግል መግዛቱ ያዋጣል። ለፎቶ ብቻ ተብሎ ከአናት እስከ እግር በአንድ ደማቅ ቀለም የሚሠራው ግን ሁለተኛ ጊዜ የሚለበስበት ቦታ ስለሌለው ኪራዩ ይሻለዋል።

በዕለቱ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ከዞረ የሐዘን አለባበስ ነው። ካሜራው ፊት በጥድፊያ የተጣለ ነጠላ እንዲህ ሆኖ ሊነሣ ይችላል፤ ይህን ደግሞ የሚያዩት ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ለጥየቃ የመጡ አያት ናቸው።