የኮምፒዩተር ሥዕል ያለ ኮምፒዩተር

ረቂቅ ሥዕል የሚባለው ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ ሳይመስል በመስመር፣ በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚሠራ ሥዕል ነው። ከአገራችን ሠዓሊዎች ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚህ አሣሣል ይታወቃሉ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ሥዕል ኮምፒዩተር ሊሠራው ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1965 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ጌኦርግ ኔስና ፍሪደር ናከ የተባሉ የሒሳብ ባለሙያዎች በኮምፒዩተር የተሠሩ ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳዩ። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ያወጣው ፕሎተር ነበር። ፕሎተር ብዕር ይዞ የሚሥል ማሽን ነው፤ ብዕሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚያርፍ ኮምፒዩተሩ ያዘዋል።

ኮምፒዩተሩንስ ማን አዘዘው? ሰው ነው። ሠዓሊው ደንብ ያወጣል፤ ዝርዝሩን ለዕጣ ይተዋል። ለምሳሌ ኔስ «ጠጠር» ብለው በሰየሙት ሥዕል በእያንዳንዱ ረድፍ 12 ካሬዎች አሉ፤ ረድፎቹም 22 ናቸው። ላይኞቹ በጅቡቲ ወደብ እንደተደረደሩ ኮንቴይነሮች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግን እያጋደሉ ከቦታቸው ይወጣሉ። መዛባቱ እየጨመረ እንዲሄድ ያደረገው ደንቡ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ወዴት እንደሚያጋድል የወሰነው ግን ዕጣ ነው።

«እኛ ኮምፒዩተር የለንም» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1924 በሃንጋሪ የተወለዱት፣ በፓሪስ ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉት ወይዘሮ ቬራ ሞልናርም በመጀመሪያ አልነበራቸውም። ኮምፒዩተር ያገኙት በ1968 ነው። እርሳቸው ግን ያንን አልጠበቁም። ከ1959 ጀምሮ ደንብ እያወጡ፣ ደንቡንም እንደ ማሽን ደረጃ በደረጃ እየተከተሉ በእጃቸው ይሥሉ ነበር። ይህንንም አሠራር «ምናባዊ ማሽን» ብለውታል።

እናንተም ሞክሩት፦

1. ከ1 እስከ 6 ቁጥር የተጻፈባቸው ስድስት ቁራጭ ወረቀቶች አዘጋጁ።
2. በማስመሪያ ስድስት ካሬዎች በአንድ ረድፍ ቀጥ አድርጋችሁ ሣሉ።
3. ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ካሬ ዕጣ አውጡ። ጎዶሎ ቁጥር ከወጣ ካሬው ወደ ቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር ከወጣ ወደ ግራ ያጋድል። ዕጣውን መልሳችሁ ቀላቅሉ።
4. በየረድፉ ማጋደሉን ጨምሩ። ስድስት ረድፍ ሲሞላ አቁሙ።

ከዚያ ሥዕላችሁን ከጓደኞቻችሁ ሥዕል ጋር አስተያዩ። ደንቡ አንድ ሲሆን ሥዕሎቹ ለምን ተለያዩ? በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ደንቡን ራሳችሁ አውጡ። የሠዓሊው ዋና ሥራ ያ ነውና።