የስደተኛ ታዳጊዎች የአእምሮ ጤናና ከልክ ያለፈ የኢንተርኔት አጠቃቀም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱን ተከትሎ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በጋምቤላና በሶማሌ ክልል የመጠለያ ጣቢያዎች እንዲሁም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ስደተኛ ታዳጊዎችም ከክፍላቸው ርቀዋል። ከአገሩና ከዘመዶቹ ለተለየ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ከመማሪያነቱም በላይ የቀን ውሎው የሚጸናበት ምሰሶ ነበር።

ለእነዚህ ታዳጊዎች ስልክ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በሌላ አገር ያለች እናት ድምፅ የሚሰማው፣ የወንድም ደኅንነት የሚታወቀው በእርሱ ነው። ስለሆነም «ስልክ አበዛ» ብሎ መንጠቅ ልጁን ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘውን ብቸኛ መስመር ሊያቋርጥበት ይችላል።

ሰዓት በመቁጠር ብቻም ሱስ ነው ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ እንደ ሕመም ያካተተው የዲጂታል ጨዋታ ሱስን እንጂ አጠቃላይ የኢንተርኔት አጠቃቀምን አይደለም። ይኸውም ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅት፣ ከዕለት ተግባር ሁሉ ሲቀድምና ጉዳት እያስከተለም ሲቀጥል ነው፤ ሁኔታው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ መሆን ይኖርበታል። በወረርሽኙ ወራት የተባባሰ ልማድ ሁሉ ሕመም አይደለም ማለት ነው።

ይበልጥ ሊጤን የሚገባው የሌሊቱ ሁኔታ ነው። ጦርነት ወይም አስጨናቂ ጉዞ ያሳለፈ ታዳጊ ቅዠቱን ፈርቶ እንቅልፍን ሊሸሽ፣ እስኪነጋም ስልኩ ላይ ሊያፈጥ ይችላል። በዚህን ጊዜ ስልኩ የችግሩ ምልክት እንጂ መነሻው አይደለም። ከቁጣ አስቀድሞ «ሌሊት ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ የሁሉንም ስልክ፣ የወላጆችንም ጭምር፣ በመኝታ ሰዓት በአንድ ቦታ ቢያሳድር ልጁ ብቻውን የተቀጣ አይመስለውም። በወረርሽኙ ወቅት የሚናፈስ ወሬ ሲያስጨንቀውም በነፃ የስልክ መስመር 8335 አብሮ ማጣራት ይቻል ነበር።

ታዳጊው ምግብ ከተወ፣ ከሰው ፈጽሞ ከራቀ ወይም ስለ ሞት ከተናገረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ ታናሽ እኅት ወይም ወንድም እንዲያስተረጉም ማድረግ አይመከርም፤ ታዳጊው በእነርሱ ፊት የሚደብቀው ብዙ ነውና።