የሞተሩ ቢጫ መብራት የሚናገረው

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ጎዳና መኪና ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ተነሥቶ፤ በዶርዜ በኩል እየተጠማዘዘ፤ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ብርዳም ደጋ ይወጣል። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ይህን አቀበት የማያውቅ የአውራጃው የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ አርባ ምንጭ ከወረዱ በኋላም ለሥራ ጉዳይ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው የመኪናውን ሕመም የሚረዳው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ አለችው። መኪናዋ አርባ ምንጭ ስትውል ምንም አትል፤ ጨንቻ ስታድር ግን በማለዳ አልነሣም ትላለች። «ቼክ ኤንጂን» የሚባለው ቢጫ መብራትም ይበራል። አንዱ መካኒክ ካንዴላ አስለወጠው፤ ሁለተኛው የቤንዚን ፓምፕ አስገዛው፤ ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሯ ተቃጥሏልና ሌላ ይፈለግላት አለ። ደመወዙ በዚህ ሁኔታ አለቀ፤ መብራቱ ግን እንደ በራ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ መብራቱን ራሱን ምን ትላለህ ብሎ አልጠየቀውም።

መብራቱ መልስ አለው። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የውሃውን ሙቀት፤ የሚገባውን አየርና በማርሚታው የሚወጣውን ጭስ በልዩ ልዩ ሴንሰሮች አማካይነት ይከታተላል። ከአንዱ የሚመጣው መልእክት ሲቋረጥ ወይም የማይታመን ሲሆን ለጉድለቱ የተሰጠውን ቁጥር በማስታወሻው ይይዝና መብራቱን ያበራል።

ቁጥሩን ለማንበብ በዚያ ዘመን በተሠሩት በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ማሽን አያስፈልግም። ኮፈኑ ሲከፈት «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሣጥን ይገኛል። የሞተሩ ቁልፍ ተዘግቶ ሳለ፤ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ያለውን ሥዕል ተመልክቶ፤ «ቲኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ቀዳዳ መሳሳት ጉዳት ስለሚያመጣ ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ማየት ይሻላል። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሡና የነዳጁን ፔዳል ሳይረግጡ ቁልፉን መክፈት ይገባል። መብራቱ ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ጉድለት የለም። ሁለት ጊዜ በርቶ፤ ጥቂት ዐርፎ፤ እንደገና ሁለት ጊዜ ከበራ ቁጥሩ 22 ነው።

የባልደረባዬ መኪና የተናገረችውም 22 ነበር፤ ይኸውም የውሃው ሙቀት መለኪያ መሥመር ማለት ነው። መልእክቱ ሲቋረጥበት ኮምፒውተሩ ሥራ እንዳያቆም፤ በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ውሃው 80 ዲግሪ ነው ብሎ ለራሱ ይወስናል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ይህ ግምት እምብዛም አይጎዳም። በጨንቻ ማለዳ ግን ሌሊቱን በብርድ ያደረውን ሞተር እንደ ሞቀ ይቈጥርና ለመነሣት የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ቤንዚን ይነፍገዋል። ካንዴላውም ፓምፑም ያለ ኀጢአታቸው ነበር የተከሰሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 22 ማለት «መለኪያውን ለውጥ» ማለት አይደለም፤ ጉድለቱ በመለኪያው፤ በሽቦው ወይም በሶኬቱ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ደኅና መሆኑ በቴስተር ይታወቃል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ2000 እስከ 3000 ኦም፤ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባዋል። የዚያች መኪና መለኪያ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ የዛገው ሶኬቱ ነበር። ተጠርጎ ተመለሰ፤ የተገዛ ነገርም የለም።

አቀበቱ ራሱ የሚያመጣው ችግርም አለ። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ የአየሩ ግፊት አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። የሚገባውን አየር በክብደቱ ሳይሆን በመጠኑ ብቻ የሚለካ አሮጌ ሞተር፤ ከፍታውን የሚነግረው ሌላ መለኪያ ከሌለው፤ ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ቁጥር 26 ቤንዚን መብዛቱን፤ 25 ደግሞ ማነሱን ያመለክታል። 25 ሲመጣ ኦክስጅን ሴንሰር ለመግዛት ከመሮጥ በፊት የተሰነጠቀ የአየር ጎማ ፈልጉ።

በካርቡራቶር የሚሠራው የእኛው ዲኤክስ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ጆሮ ላለው መካኒክ በድምፁ ይናገራል። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ለሁሉም አዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ ያደረገችው ሥርዓት ደግሞ ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለው፤ በማሽን ሲነበብ «ፒ 0171» የመሰለ ቁጥር ይሰጣል። ይህም ቢሆን የሚናገረው የቤንዚኑን ማነስ እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይደለም። በእነዚህ መኪናዎች መብራቱ እየተንቀሳቀሱ ሳለ ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ እሳት እየሳተ ነውና ፍጥነት ቀንሶ መቆም ይገባል።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ በዝቷል። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ቁልፉን ከፍቶ፤ ሞተሩን ሳያስነሣ፤ ይህን መብራት ይመልከት። መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣም መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ወይም ሻጩ ነቅሎታል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ፤ ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ «ኢኤፍአይ» የተባለውን ፊውዝ ለአንድ ደቂቃ ያህል መንቀል የቆየውን ቁጥር ያጠፋዋል። ባልደረባዬ ይህን አድርጎ በማግሥቱ ጨንቻ ወጥቶ አደረ፤ ማለዳም መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች።