በባለቤቷ እጅ የምትኖር ሞተር ሳይክል

ከእብናት ከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሞተር ሳይክል የሚመላለስ ሰው፣ የእንስሳት ሐኪም ይሁን የግብርና ባለሙያ ወይም እህል ነጋዴ፣ አንድ ስጋት ሁልጊዜ አብሮት ይጓዛል። መንገድ ላይ ብትቆምበት መለዋወጫ የሚፈልገው ደብረ ታቦር ነው፤ እዚያ ከጠፋ ደግሞ ባሕር ዳር። እስከዚያ በመኪና ማስጫን አለበት፤ የጭነቱ ዋጋ ከጥገናው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በእኛ አገር አሮጌ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው የሞተሩን ዋና ዋና ነገር ራሱ መሥራት ይገባዋል እላለሁ። ሞተሩ የሆንዳ ሲጂ 125 ወይም የእሱ ዘር ከሆነ ደግሞ ሥራው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም።

ሲጂ 125 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የሆንዳ ትንንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍታቸው ከላይ፣ የሲሊንደሩ ራስ በሆነው ቴስታታ ውስጥ ነበር። ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን ንጹሕ ዘይት በወቅቱ ካላገኙ ላይኛው ክፍላቸው ቶሎ ይበላል። ሞተር ሳይክል የዕለት እንጀራ በሆነባቸው አገሮች ዘይት በወቅቱ የሚቀይር ሰው ጥቂት መሆኑን የተረዱት መሐንዲሶች ካምሻፍቱን ወደ ታች አወረዱት። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ከታች ወደ ላይ የሚገፉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ሆኑ። ሲሊንደሩ አንድ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው፤ ፒስተኑ 56.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ምርቱ ከጃፓን ወደ ብራዚልና ወደ ፓኪስታን ተሻግሯል። የቻይና ፋብሪካዎችም ቀድተውታል፤ ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው የቻይና ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ስማቸው ሌላ ቢሆንም ሞተራቸው የዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን ያህል ቸልተኝነት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ሞተር እንክብካቤ ሲያገኝ ደግሞ ዕድሜው በጣም ይረዝማል።

ከሁሉ የሚቀድመው ዘይት ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ያው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ ካምቢዮውን ያጠጣል፣ ፍሪሲዮኑንም ያርሳል። ለመኪና ተብሎ በጣም እንዲያንሸራትት የተቀመመ ዘይት ሲገባበት ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚያቅተው በዚህ የተነሳ ነው። አቀበት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማው ግን አይገፋም። ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል። እኔ በአቧራ መንገድ 2,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እቀይራለሁ። ሞተሩን ጥቂት አሙቄ አጠፋና ከሥር ያለውን ቡሎን እፈታለሁ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። መልሶ ሲታሰር ግን ጉልበት አያስፈልግም። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ነው፤ ቡሎኑ ብረት ነው። አንድ ጊዜ እንዳይፈስ ብዬ በረጅም ቁልፍ አጥብቄው ጥርሱን ላጥኩት፤ ለማስጠገን ከዘይቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ አስራለሁ። የተቃጠለውን ዘይት ብዙ ሰው እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባበታል፤ ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ ግን መራቅ አለበት።

የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያን እንደመጣ የታወቀ ነው። ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ስሙም ለሥራው ተስማምቶታል፤ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያሳየን እሱ ነውና። ነቅለው ጫፉን ሲያዩት ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጁ አንሶ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው። ዘይት ካረጠበው የፒስተኑ ቀለበቶች ወይም የቫልቩ ጎማዎች አርጅተዋል። ጥቀርሻ ከለበሰ ደግሞ ነዳጁ በዝቷል፤ በደብረ ታቦር አካባቢ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተለካውን ነዳጅ ይሰጣል። ወደ ጉና ተራራ ሲወጡ ሞተሩ የሚደክመውና ጭሱ የሚጠቁረው በዚህ ነው። በዚያ ላይ አየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ከመነካካት በፊት ማጣሪያውን ማየት ያስፈልጋል። የስፖንጅ ማጣሪያ ከሆነ በላምባ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ታሽቶ ይመለሳል። በቤንዚን ማጠብ ስፖንጁንም ይበላል፣ እሳትም ይጠራል። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲመለስም መጀመሪያ በጣት ብቻ መዞር አለበት።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ቫልቭ ማስተካከልን ነው። ሞተሩ አድሮ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘበት ጠዋት ይመረጣል። ካንዴላው ይነቀልና ከቴስታታው በላይ ያለው ክዳን ይነሳል፤ ቫልቮቹን የሚጫኑት ሁለት ትንንሽ ክንዶች ይታያሉ። በግራ በኩል ያለው ሽፋን ሲነሳ ደግሞ ቮላኖው ላይ የላቲኑ ቲ ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። ያ ምልክት ከሞተሩ አካል ላይ ካለው ጭረት ጋር እስኪገጥም ቮላኖውን ያዞራሉ። አሁን ሁለቱ ክንዶች በጣት ሲነኩ በትንሹ ይወዛወዛሉ። ካልተወዛወዙ ምቱ ሌላኛው ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር መጨመር ነው። በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል መግባት ያለበት የ0.08 ሚሊ ሜትር ስስ ብረት ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል። ብረቱ ሲጎተት ቅቤ ውስጥ እንደሚንሸራተት ቢላዋ ቀለል ያለ መያዝ ሊኖረው ይገባል። ማሰሪያዋ ዳዶ ስትጠብቅ ማስተካከያውን ቪት ትንሽ ይዛው ትዞራለች፤ ስለዚህ ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት ግድ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ነው የሚገጥምልኝ።

የቫልቩ ክፍተት ሲሰፋ ሞተሩ ቲክ ቲክ ይላል፤ ባለቤቱም ሰምቶ ይደነግጣል። ሲጠብ ግን ድምፅ የለውም። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፤ የሚወጣው እሳት በጠርዙ ሾልኮ ያቃጥለዋል፤ ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል፤ በመጨረሻም ቴስታታው ይወርዳል። በጣም ጸጥ ብላ የምትሠራ አሮጌ ሞተር ሳይክል ተብላ የተገዛችውን ቀድሞ መለካት የሚሻለው ለዚህ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የኖሩት እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ሌላ ዘር ናቸው። ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ እንዲህ የሚስተካከል ቫልቭ የላቸውም፤ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ የዘይቱ ጋን ባዶ ሲሆን ፒስተኑ ይጣበቃል። የእነሱ ባለቤት ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ዘይቱን ይመልከት።

የውስጥ ኩሽኔታ፣ የካምቢዮ ጥርስ፣ የሲሊንደር ማስፋት የመካኒክ ሥራ ነው፤ እዚያ መግባት የለብንም። የቀረው ሁሉ በአንድ የቁልፍ ስብስብ፣ በካቻቪቴና በስስ መለኪያ ብረቶች ይሠራል። ቁልፉና ካቻቪቴው ብዙዎቻችን ቤት አሉ። መለኪያው ግን የለም፤ ወደ ደብረ ታቦር በምትወጡበት ቀን መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ እሱን ግዙ።