ከሌንሱ ቀጥሎ ወረቀቱ

በትርፍ ጊዜዎ ያነሱትን ፎቶ ያየ የካፌ ባለቤት «ለማስታወቂያ ልጠቀምበት?» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ ፎቶ ገዢ ነኝና፣ ከገዢው ወገን ሆኜ ልንገርዎ።

በሌንሱ እንጀምር። ከብዙ ካሜራዎች ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ለመልመጃ ይበቃል። ሁለተኛ ሌንስ ሲያስቡ ብዙዎች የሚመርጡት አፐርቸሩ 1.8 የሆነውን 50 ሚሊሜትር ነው፤ ዋጋው ቀለል ያለ ነው፣ በደብዛዛ ብርሃንም ይሠራል። ሴንሰሩ አነስተኛ በሆነ ካሜራ ላይ ግን አቅርቦ ስለሚያሳይ ለሰው ፊት እንጂ ለጠባብ ቤት አይመችም። ለካፌና ለገበታ 35 ሚሊሜትር ይሻላል።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ፎቶ «ሸጥኩ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሰጡት የመጠቀም ፈቃድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል፤ ፈቃዱም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ አራት ነገር ይጻፉ፦ የት እንደሚወጣ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ለሌላ ድርጅት መስጠት ይችሉ እንደሆነና ክፍያው። ለፌስቡክ ገጽ የተስማሙበት ዋጋ ለቢልቦርድ አይሆንም።

ፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 27 ያስታውሱ፤ በመርሕ ደረጃ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። ቡና የምታፈላው እናት ፊቷ የሷ ነው። የሷ ፊርማ ከሌለበት፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አልገዛውም።