ችግኝ በጣሳ

ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ዝናብ ሲዘገይ ለጓሮ አትክልት የሚተርፈው ውሃ ጥቂት ነው። ለጋ የቲማቲም ቡቃያ ደግሞ ጥም አይችልም። ታዲያ ምን ይበጃል?

በሌሎች አገሮች ብዙ ሰዎች ችግኝ የሚያፈሉት በኮኮናት አሰር ነው። አሰሩ የሚገኘው ከፍሬው የውጭ ሽፋን ነው። ውሃ ይይዛል፤ አየርም ያሳልፋል። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይሻል። ነገር ግን አሰሩ ለተክል የሚሆን ምግብ እምብዛም የለውም። እንደ ህንድና ስሪላንካ ካሉ ሩቅ አገሮች ስለሚመጣም ለድሃ ገበሬ ዋጋው አይቀመስም።

ያንኑ ሥራ በአገር ዕቃ መሥራት ይቻላል። ብሎኬት የሚሠራበት ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በስምጥ ሸለቆ ሞልቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩን ውሃ ረጭታችሁ እንደ ሽንብራ አድቅቁና እጠቡ። አንድ ጣሳ ድንጋይ፣ አንድ ጣሳ አፈርና አንድ ጣሳ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ድንጋዩ አየር ያስገባል፤ ፍጉ ውሃ ይይዛል፤ ምግብም ይሰጣል። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፀረ ተባይ የነበረበትን ጣሳ አትጠቀሙ። ውሃ እንዳይቋጥር የጣሳውን ቂጥ ብሱት። ዘሩን ዘርታችሁ በሣር ሸፍኑ፤ ሲበቅል ሣሩን አንሡ። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ቆዩ።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ችግኙን ወደ ማታ ወደ መደቡ አዛውሩ። እንዲህ ከሆነ በጀርባ የመጣ ውሃ በከንቱ አይፈስም።